የሞጣው ጃንጥላ በእናቴ ማሳ ላይ

ባጃጅ ላይ ተቀምጬ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርሁ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ያለፍሁትን መንገድ በእግሬ የምመለስ ሰው ነበርሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ ድንጋይ ላይ ቆሜ የሆንሁትን ስትሰሙ ትንሽ እንድታዝኑልኝ ነው።

የተወለድሁት ከብቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። አባቴ ከሞተ በኋላ ሞጣ ገባሁና ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩ እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ዘንድ ተቀጠርሁ። ሥራው አልከበደኝም። ድንኳን አጥባለሁ፣ አጣጥፋለሁ፣ ወንበር እቆጥራለሁ። የከበደኝ ስልክ ማንሳት ነው። ሲደወል ወይ መጸዳጃ ቤት እገባለሁ፣ ወይ ድንኳን ውስጥ እጠቀለላለሁ። እትዬ የሺ ሲሰለቻቸው ትዕዛዝ በጽሑፍ ብቻ የሚመጣበትን ስልክ ሰጡኝ።

«አፍሽ ካልሠራ ጣትሽ ይሥራ» አሉኝ።

ጣቴ ሠራ። የማን ሠርግ፣ የማን ተዝካር፣ መቼና የት የሚለውን ሁሉ ስልኩ ካላንደር ላይ አሰፍር ጀመር። የድንኳን ሥራ ደግሞ ሰማይ ካልታየ አይሆንም። ዝናብ ካለ ዙሪያው ቦይ ይቆፈራል፣ ገመዱም ይጠብቃል። ስለዚህ እትዬ የሺ በየማለዳው «ታንጉት፣ ሰማዩ ምን ይላል?» ይሉኛል። እኔም ትንበያውን ከስልክ አይቼ እነግራቸዋለሁ፤ ነገር ግን «ይዘንባል» የምትለዋን አንዲት ቃል እስካወጣት ድረስ ዝናቡ ራሱ ይጀምር ነበር።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ልጅ በአማርኛ ሲያስተምር አየሁ። ኮድ ሳይጻፍ አንዱን መተግበሪያ ከሌላው ማያያዝ ይቻላል ይላል። የተማረ ሰው ሥራ መስሎኝ ላልፈው ነበር። በኋላ ሳየው ግን ሳጥን በሳጥን ነው። የመጀመሪያው ሳጥን በተባለበት ሰዓት ይነሳል። ሁለተኛው የአየር ትንበያ ያመጣል። ሦስተኛው ዝናብ ከሆነ የጃንጥላ ሥዕል፣ ካልሆነ የፀሐይ ሥዕል ይመርጣል። የመጨረሻው ሥዕሉን ካላንደር ላይ ይለጥፋል። እኔ የምሠራው በሳጥኖቹ መካከል መስመር መሳብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ መስመሩን አሳስቼ ጃንጥላና ፀሐይ አብረው ወጥተው እትዬ የሺን ግራ አጋባኋቸው። በመጨረሻ ግን ሠራ። በየማለዳውና በየማታው ማንም ሳይነካው ካላንደሩ ላይ የነገው ሥዕል ብቅ ይላል፤ እኔም ከመናገር ተገላገልሁ። እልል ልል ነበር፤ ሰው ይሰማኛል ብዬ ዋጥሁት።

ነገሩ እዚያው ሞጣ ቢቀር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን በጥቅምት የመንደራችን ሰው አያ ደምለው፣ ለልጃቸው የጥር ሠርግ ድንኳን ሊከራዩ መጡ። የሚከራይ ድንኳን ብቸናም አይጠፋም፤ እኔ ስላለሁ የሚቀነስላቸው መስሏቸው ነው። ቀኑን ስፈልግላቸው አንገታቸውን አስግገው ስልኩን አዩ።

«ይቺ ጃንጥላ ምንድን ናት?»

«ዝናብ።»

«የመቼ?»

«የነገ።»

«የነገን ማን ነገረሽ?»

ወደ ስልኩ ጠቆምሁ። ያን ቀን ማታ አያ ደምለው ሞጣ ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ ዘነበ። ረጥበው መጡና ልጃቸው ከአረብ አገር የላከችላቸውን ትልቅ ስልክ ከኮታቸው ውስጥ አውጥተው ዘረጉልኝ።

«አስገቢልኝ።»

ካላንደሩን አጋራኋቸው። ሥዕሉ በተለወጠ ቁጥር እንዲጮህም አደረግሁት። መርቀውኝ ሄዱ።

አያ ደምለው ደግሞ የሰፈራችንን ደቦ የሚመሩ ሰው ናቸው። በመኸር ጊዜ ሰዉ ተሰብስቦ ከማሳ ማሳ በተራ ያጭዳል። ተራው የደረሰው ባለማሳ ጠላውን ጠምቆ፣ ምግቡን አሰናድቶ ይጠብቃል። ቀኑን ያስተላለፈ ሰው ከሰልፉ መጨረሻ ይገባል። በማንም ላይ ለክፋት አይደለም፤ ወግ ነው። ያለዚያ ሁሉም ቀን እየመረጠ ሥራው አያልቅም።

በዚያ መኸር አያ ደምለው ደቦውን በእኔ ሥዕል መምራት ጀመሩ። ስልካቸው ሲጮህ «የታንጉት ዶሮ ጮኸች» ይላሉ። ሥዕሉ ፀሐይ ከሆነ ደቦው ይወጣል። ፀሐይ ስትል ፀሐይ ሆነ፤ ደግማ ስትል ደገመ። እናቴ ስትደውል «ስምሽ ማሳውን ሁሉ ሞላው» ትለኝ ነበር። እኔም ሞጣ ቁጭ ብዬ በልቤ ኮራሁ። በኅዳር ፀሐይ መሆኑን ለመናገር ዶሮ እንኳ እንደማያስፈልግ ልብ አላልሁም።

የእናቴ ተራ ሲደርስ ለማገዝ ወደ ብቸና ተሳፈርሁ። እናቴ ያላት ማሳ አንድ ነው። በላዩ ላይ ነጭ ጤፍ አለ። ስደርስ ከማሳው ዳር አንዲት ዛላ ቀጥፋ መዳፏ ላይ አሸችልኝ። ፍሬው ሳይለምኑት እፍ ሲሉት ወረደ።

«አየሽ፣ በራሱ መርገፍ ጀምሯል። ነገ ካልታጨደ መሬት ነው የሚበላው» አለችኝ።

ጠላው ደርሷል። ጾም ስለሆነ ሽሮና ክክ ተሰናድቷል። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ደቦው የዕለቱን ማሳ ጨርሶ በደጃችን ሲያልፍ፣ የእኔም ስልክ የአያ ደምለውም ስልክ እኩል ጮኹ። የእኔን ከማየቴ በፊት የእሳቸው ድምፅ መጣ።

«ቤቶች!»

«ይግቡ አያ» አለች እናቴ።

አልገቡም። ስልኩን እንደ መስቀል ከፊታቸው ይዘው በር ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ደቦው ማጭዱን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ቆሟል።

«ነገ ጃንጥላ ነው» አሉ።

ከዚያ ቢያድግልኝ የሚባል የሰፈራችን ቀልደኛ ጎረምሳ ከኋላ፦

«ዶሮዋ ጃንጥላ ከያዘች እኛ ምን ልንይዝ ነው?» አለ። ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

«አያ፣ ነገ የኔ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቶ ከዘነበበት ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ቆመን ልናየው ነው?»

«ካስተላለፍሁትስ?»

«ካስተላለፍሽውማ ወጉን ታውቂዋለሽ። ከሁሉ ኋላ ነሽ።»

«እስከዚያ ጤፉ አይቆየኝም።»

አያ ደምለው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸው ሲዞሩ ሁሉም ዞረ።

«እንግዲህ የዶሮዋ ባለቤት አለች። ታንጉት፣ ተናገሪ። ጃንጥላውን እንመን ወይስ አንመን?»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አንድ ነገር አልሁ። ምን እንዳልሁ እኔም አልሰማሁትም።

«ምን አለች?»

«ኔትወርክ አለች መሰለኝ» አለች እናቴ።

እኛ ቤት የስልክ ድምፅ ይሰማል እንጂ ኢንተርኔቱ እንደ ልብ አይሠራም። አንዳንዴ አንድ ነገር ብቅ አድርጎ ይጠፋል። ደህና የሚገኘው ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ሳጥኖቹን ከፍቼ ትንበያው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ላጣራ ብዬ ነበር ያሰብሁት፤ ብቻዬን ሹልክ ብዬ። ወደ ጉብታው ስሄድ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ደቦው በሙሉ ይከተለኛል። ማጭዱን ያስቀመጠ አንድም ሰው የለም። ያላወቀ ሰው ቢያይ አንዲት ልጅ የምትመራው ጦር ነው የሚመስለው፤ ወይም የሚያሳድዳት።

ጉብታው ላይ ስልኩ ፈዘዘ። ያቺ የምትሽከረከር ክብ መጣች።

«ከፍ አድርጊው!» አሉ አያ ደምለው።

ከፍ አደረግሁት።

«ድንጋዩ ላይ ውጪ!» አለ ቢያድግልኝ።

እንቢ ለማለት መናገር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወጣሁ። በሕይወቴ ከሰው በላይ ቆሜ አላውቅም። ከሥሬ የወንዶች ቆብና ፎጣ ብቻ ይታየኛል። ክቧ ቆመችና ሳጥኖቼ ተከፈቱ። ትንበያ የሚያመጣውን ሁለተኛውን ሳጥን ነካሁት።

«ቦታ» ከሚለው ፊት «ሞጣ» ይላል።

አንዴ ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትሁ። ሞጣ ነው። ሳጥኑን ስሠራ «ያለሽበትን ቦታ ልጠቀም?» ብሎ ጠይቆኝ እሺ ማለቴ ትዝ አለኝ። እሺ ማለት ለኔ ከባድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ብቸና ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እኔም አልነገርሁትም። ይህን ያህል ጊዜ መንደሩ ሁሉ ያጨደው ከደብረ ወርቅ ወዲያ ባለ ሌላ ከተማ ሰማይ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ማለት ነበር። በዝምታ የተካንሁ ነኝ። ነገ ብቸናም ቢዘንብ ስሜ ይገናል። ባይዘንብ ደግሞ ጃንጥላ አንዳንዴ ይሳሳታል ይባላል። ግን ዝም ካልሁ የእናቴ ቀን ያልፋል፤ ያለፈውም በሞጣ ዝናብ ይሆናል። እናቴ ከሰዉ መካከል ቆማ ሽቅብ ታየኛለች። ስለ ስልክ አንድም ነገር አታውቅም። ፊቴን ግን ታነባለች።

«ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

«ጃንጥላው የሞጣ ነው» አልሁ።

«ምን አለች?»

«አልተሰማም!»

«ጮክ በይ እንጂ ልጅት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሴም አላዘዝሁትም። አፌ ተከፈተና፦

«ጃንጥላው የሞጣ ነው! የኛ አይደለም! ፀሐዩም የሞጣ ነበር!» ብዬ ጮህሁ። ከታች ያለው የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ።

ነገሩ ቀድሞ የገባው ቢያድግልኝ ነበር።

«ቆይ ቆይ፤ የኔን ስንዴ በሞጣ ፀሐይ ነው ያሳጨድሽኝ?»

«አዎ!» አልሁ። የድምፄ መቀነሻ ጠፍቶብኝ ስለነበር እሱንም በጩኸት ነው የመለስሁት።

ጉብታው በሳቅ ተናጋ። አንዱ በማጭዱ እጀታ ጭኑን ይመታል። ሌላው «እኛ እኮ ግብሩንም ለሞጣ መክፈል ነበረብን» ይላል። አያ ደምለው ብቻ አልሳቁም። ስልካቸውን ገልብጠው አዩት፣ ጀርባውንም አዩት።

«እኔ እኮ ለቄሱም አሳይቻቸዋለሁ» አሉ በቀስታ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦

«ይሁን። የኛው ሰማይስ ምን ይላል?»

ሞጣን አጥፍቼ ብቸናን ጻፍሁ። ክቧ መጣች። ዞረች፣ ዞረች፣ ኔትወርኩ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ስልኩን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አዞርሁት። ሰዉም አብሮኝ ወደ ቀኝ ወደ ግራ አንገቱን አዞረ። ምንም የለም።

«አላውቅም» አልሁ። ይቺ ደግሞ ሳልጮህባት ተሰማች።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ እናቴ ተመለከተ፤ ማሳው የእሷ ነው።

«አታውቅም እንግዲህ» አለች እናቴ። «ልጄ የሞጣን ታውቃለች። የኔ ጤፍ ያለው እዚህ ነው። ነገ ይታጨዳል። ግን እንደ ወትሮው መሬት ላይ ተኝቶ አይዋል። ግማሹ ሰው ይጨድ፣ ግማሹ እግር በእግር ይከምር።»

«ሥራው እጥፍ ነው» አሉ አያ ደምለው።

«ጠላውም እጥፍ ነው።»

«እንዳልሽ» አሉ። ተስማሙ።

በማግስቱ ማለዳ ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ረፈድ ሲል ከሞጣ በኩል ደመና ብቅ አለ። መጀመሪያ ጠባብ ነበር፤ ከዚያ ጠቆረና አግድም ተኛ። እኔ ጠላ የምቀዳው ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል ስለሆነ፣ ከዋንጫው ይልቅ የሰው እጅ ላይ የፈሰሰው ይበዛል።

ቢያድግልኝ ጎንበስ እንዳለ ተጣራ። «ታንጉት! ያ ደመና የማን ነው?»

ጠላ መቅዳቴን ቀጠልሁ።

«እሺ ዶሮዋን ጠይቂልን! የሞጣ ነው የኛ?»

ሰዉ ይስቃል፣ ያጭዳል። ደመናው ይቀርባል። የማሳው ግማሽ ገና ሳይታጨድ ቆሟል። እናቴ ነዶ ተሸክማ በአጠገቤ ስታልፍ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ላይ ናት። ቢያድግልኝ ለሦስተኛ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ሲያይ፣ በዚያች ቅጽበት የሚባክነው ማጭድ አናደደኝ።

«የሞጣ ነው!» ብዬ ጮህሁበት። «አንተን አይመለከትህም! እጨድ!»

ማሳው በሳቅ ፈነዳ። ቢያድግልኝ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ትናገራለች እንዴ ይቺ?» አለና አጎነበሰ። ከዚያ ወዲያ ማንም ቀና ሲል «እጨድ፣ አይመለከትህም!» የሚለው ሌላው አጫጅ ሆነ። ሥራው ፈጠነ። ነፋስ ተነሳ። የመጨረሻው ጥግ ሲቀር ስልኬ ጮኸ። እትዬ የሺ ናቸው። ወትሮ ቢሆን እደበቅ ነበር፤ ማሳ ላይ ግን መጸዳጃ ቤት የለም። አነሳሁት።

«ታንጉት! ዝናብ! ድንኳኑ!»

ያኔ ነው የበራልኝ። ከሞጣ ስነሳ ካላንደሩ ፀሐይ ይል ስለነበር ያጠብኋቸውን ድንኳኖች አጥሩ ላይ ዘርግቼ ነበር የመጣሁት። ማታ ጃንጥላው የሞጣ መሆኑን ድንጋይ ላይ ወጥቼ ለመንደር ሁሉ ስለፍፍ፣ ሞጣ የተዘረጋው ድንኳን ትዝ እንኳ አላለኝም። ትንበያው አልተሳሳተም ነበር። ሊነግረው የሚገባው ሰው ዘንድም ደርሷል፤ ኪሴ ውስጥ።

«ሞጣ እየዘነበ ነው?» አልሁ።

«እየዘነበ? ወረደ እንጂ! ጎርፍ ነው!»

«ሞጣ ዘነበ!» ብዬ ወደ ማሳው ጮህሁ።

«እልልልል!» አሉ ሴቶቹ። ወንዶቹ ማጭድ እያፋጩ ጨፈሩ። አያ ደምለው ሳይቀሩ «ይዝነብለት! አውርድለት!» አሉ።

እትዬ የሺ ጭፈራውን በስልኩ ሰሙ።

«ድንኳኔ ረጠበ ብዬሽ ነው የሚጨፈረው?» አሉኝ።

ምን ብዬ ላስረዳቸው? «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ስመጣ አጥባለሁ፤ አሁን ጤፍ ላይ ነን» ብዬ ዘጋሁት። በእትዬ የሺ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነበር።

ደመናው በእኛም በኩል ጫፉን አሳለፈ። ትላልቅ ጠብታዎች ወረዱ፤ አቧራውን እንኳ በወጉ ሳያረጥቡ ቆሙ። በዚያ ሰዓት መሬት ላይ የተኛ አንድም ነዶ አልነበረም። ክምሩ አናቱ ሾሎ፣ ተደምድሞ ቆሟል። እናቴ ዙሪያውን እየዞረች በመዳፏ ነካካችው። ደረቅ ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ቆም ብላ አየችኝ።

«ስትወለጂ እንኳ እንዲህ አልጮህሽም» አለችኝ።

ወደ ሞጣ ተመልሼ ጭቃ የጠጡ ድንኳኖች ሳጥብ ሰነበትሁ። እትዬ የሺ ሲያዩኝ ይቆጣሉ፤ ከዚያ ጭፈራው ትዝ ሲላቸው ዞር ብለው ይስቃሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ የሚደወልበትንም ስልክ አምጥተው ሰጡኝ። «ብቸና ሆነሽ ሞጣ የሚሰማ ድምፅ እያለሽ እኔን ስታለፊኝ ኖረሻል» አሉ። አሁን የማነሳው እኔ ነኝ። ልቤ ዛሬም ይመታል፤ ግን አነሳለሁ። ባጃጅ ላይም «ወራጅ» እላለሁ፤ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ጮክ ብዬ ሾፌሩን አስደነግጣለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ መቼም እንደኔ ሳጥን በሳጥን የምትገጣጥሙ አትጠፉም። ኮድ አያስፈልግም፤ ስድስተኛ ክፍል ይበቃል። ቦታውን ግን እዩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመናገር ለመሸሽ ብላችሁ አትሥሩት። እኔ ለእትዬ የሺ አንዲት ቃል ላለመናገር የሠራሁት ነገር ነው ድንጋይ ላይ አውጥቶ ለአገር ያስጮኸኝ።

አሁን ሁለት ካላንደር አለኝ፤ አንዱ የሞጣ፣ አንዱ የብቸና። የብቸናውን ለአያ ደምለው አጋርቻቸዋለሁ። ሥዕሉን ያያሉ፤ ግን አያምኑትም፤ ለእኔ ይደውሉልኛል። ትናንትም ደወሉ።

«ፀሐይ ይላል። እውነቱን ነው?»

«እንጃ አያ፤ ሰማዩን እዚያው ይዩት።»

«ጎበዝ!» አሉና ዘጉት።